ኖርዌይ ውስጥ በቡድን ገጠር መውጣት፦ ከበረዶው እስከ ሰመር፣ ከየት እንጀምር?

ማርታ_ድራመን፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ድራመን ነው። የተወሰንን ቤተሰቦች ሆነን በየወቅቱ አንዴ ሁለት ሦስት ቀን ገጠር እየወጣን አብረን ብናሳልፍ ብለን አስበናል። በበረዶውም፣ በረዶው ሲቀልጥም፣ በሰመርም፣ ቅጠል ሲረግፍም። እስካሁን የምንገናኘው ሰው ቤት ወይም በኪራይ አዳራሽ ነው፤ ልጆቹ ስልካቸው ላይ ያፈጣሉ፣ እኛ ቡናችንን ይዘን ስለ አገር ቤት እናወራለን፣ ከዚያ ወደየቤታችን። ልጆቹ እኮ ከትምህርት ቤት ጋር ጫካ ይወጣሉ፣ በበረዶ ላይ መንሸራተቱን፣ ስኪውንም ይችላሉ። የምንኖርበትን አገር ከመኪና መስኮት ብቻ የምናውቀው እኛ ወላጆች ነን።

ቡድኑ የተቀላቀለ ነው። ሕፃን የያዘች አለች፣ አሥራዎቹ ውስጥ ያሉ ጎረምሶች አሉ፣ እናቴም አብራን ናት፤ ስልሳዎቹ ውስጥ ናት፣ ጉልበቷን ያማታል። ለዚህ ሁሉ ሰው ሆቴል አይታሰብም። ማደሪያው እንዴት ነው? በብርዱ ከሕፃን ጋር መውጣት ደህና ነው ወይ? የጾም ነገርስ? የሞከራችሁ ሳትሰስቱ ንገሩኝ።

የኦስሎው_እግረኛ፦

ማርታ እህቴ፣ ሐሳባችሁ በጣም ደስ ይላል። ቶሎ ጀምሩት።

ማደሪያውን በተመለከተ፣ ከናንተ አንዳንድ ሰው ዴኤንቴ አባል ይሁን። ይኼ በፈረንጆቹ ከ1868 ጀምሮ ያለ የእግር ጉዞ ማኅበር ነው። በመላ አገሪቱ 550 ገደማ የተራራና የጫካ ማደሪያ ቤቶች አሉት፣ በድንጋይ ላይ በቀይ ቀለም በተጻፈ የ‹ቴ› ፊደል ምልክት የተደረገበት 22 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል የእግር መንገድም አለው። መንገዱን የሚያቀኑት፣ ቀለሙን የሚቀቡት በአብዛኛው በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ አባላት ናቸው።

ቤቶቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ሠራተኛ ያለው ነው፤ እራት ይቀርብልሻል፣ ሻወር አለ፣ ዋጋውም እንደዚያው ከፍ ይላል። ሦስተኛው ምግብ የሌለው ባዶ ቤት ነው፣ የሚበላውን ተሸክሞ ለሚሄድ። ለናንተ የሚሆነው መካከለኛው ነው፣ ራስን በራስ የማስተናገድ ቤት። እንዴት እንደሚሠራ በደንብ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ሐበሻ ወዳጆቼ ሁሉ መጀመሪያ ስነግራቸው አያምኑኝም።

ብዙዎቹ ቤቶች በአንድ ዓይነት ቁልፍ ነው የሚከፈቱት፣ ቁልፉን አባል የሆነ ሰው ከማኅበሩ ይወስዳል። ስትደርሱ የሚቀበላችሁ የለም። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። መጀመሪያ ምድጃውን ማቀጣጠል ነው፤ ማገዶው ጎን ካለው መጋዘን አለ፣ መጥረቢያውም እዚያው። ውኃ በባልዲ ከወንዝ ወይም ከሐይቅ ይቀዳል፣ በበረዶው ወራት በረዶ በድስት ይቀልጣል። ተደራራቢ አልጋ አለ፣ ብርድ ልብስና ትራስም አለ፣ አንሶላ ግን የራሳችሁን ትይዛላችሁ። ጓዳው ውስጥ የታሸገ ምግብ፣ ፓስታ፣ ደረቅ ዳቦ፣ ሾርባ ከነዋጋው ተደርድሯል። የወሰዳችሁትን ትጽፋላችሁ፣ ማደሪያውን ትደምራላችሁ፣ ትከፍላላችሁ። የሚቆጣጠር ሰው የለም፣ በእምነት ነው። መጸዳጃው ውጭ ነው፣ ለእናትሽ በሌሊት የሚመች የእጅ መብራት ያዙላት።

በር አጠገብ መዝገብ አለ። ከየት እንደመጣችሁና ወዴት እንደምትሄዱ ጻፉበት። ይኼ ለወጉ አይደለም፤ ሰው ከጠፋ ፍለጋው ከዚያ መዝገብ ነው የሚጀምረው። ስትወጡ ወለሉ ይጸዳል፣ አመዱ ይወጣል፣ ቀጥሎ ለሚመጣው ሰው ፈልጣችሁ ጥቂት ማገዶ ትተዋላችሁ። ማታ ደክሞት፣ በስብሶ የሚደርስ ሰው ያንን ጭራሮ ሲያገኝ ምን እንደሚሰማው አስቢው።

በቡድን ስለሆናችሁ ቀደም ብላችሁ ቦታ ያዙ። እና የመጀመሪያው ጉዞ ተራራ አይሁን። ሶግንስቫን ሐይቅ ሂዱ፣ ኦስሎ ውስጥ የሜትሮ 5 ቁጥር መጨረሻ ነው። ሐይቁን መዞር 3 ኪሎ ሜትር ከጥቂት ነው፣ ሜዳ ነው፣ እናትሽም የሕፃን ጋሪም ይችሉታል። ጎረምሶቹ ደግሞ ከዚያው ተነስተው ኡለቮልሴተር እስከሚባለው የጫካ ቤት ድረስ ይሂዱ፣ ዋፍላቸውን በልተው ይመለሱ።

ሰላም_ትሮንድሄይም፦

ስለ ብርዱ እኔ ልመልስ፣ ልጆቼን እዚህ ነው ያሳደግኩት።

ከሕፃን ጋር መውጣት ይቻላል፣ ግን ሕግ አለው። የሚራመድ ሰው ይሞቀዋል፣ ጋሪ ወይም በበረዶ ላይ የሚጎተት ስሌድ ላይ የተቀመጠ ሕፃን ግን አይንቀሳቀስም። እናቱ አልቧት እሱ ይበርደዋል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ እየቆማችሁ እጃችሁን አንገቱ ሥር አስገብታችሁ ዳስሱት፣ እዚያ ከቀዘቀዘ ወደ ቤት መግባት ነው። ጥጥ ልብስ ከሰውነት ጋር አይነካ፤ ላብ ሲይዝ አይደርቅም፣ ከዚያ ብርዱ አጥንት ይገባል። ከውስጥ ሱፍ፣ በላዩ ሹራብ፣ ከላይ ንፋስ የማያስገባ። ጓንትና ካልሲ ለእያንዳንዱ ሰው መለወጫ ይኑር።

ለመጀመሪያው የበረዶ ጉዞ ፍሮግነርሴተረን አሪፍ ነው። የሜትሮ 1 ቁጥር መጨረሻ ላይ ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ ኮርክትሬከረን የሚባለው 2 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ ቁልቁለት አለ፤ በስሌድ ቁጭ ብሎ እየጮኹ መውረድ ነው። ታች ሚድትስቱየን ጣቢያ ሜትሮ ይዞ እንደገና ወደ ላይ። ስሌዱ እዚያው ይከራያል። ራስ ላይ ሄልሜት አድርጉ፣ ለልጆቹም ለአዋቂውም፣ መንገዱ አንዳንዴ በረዶ ሳይሆን መስታወት ነው። ስኪ የማይችል ሰው አይቸገርም። ጉልበቷ የሚያማት እናት ላይ ካለው ቤት ትኩስ ነገር ይዛ ትጠብቃችኋለች።

የኦስሎ ዲሴምበር ብርሃኑ 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፣ ለጀማሪ ቡድን አጭር ነው። ፌብሩዋሪና ማርች ይሻላሉ፣ በረዶውም አለ ፀሐይም ተመልሳለች። የበረዶ ላይ ፀሐይ ግን አትናቁ። የኛ ቆዳ አይቃጠልም ብላችሁ አትለፉት፣ ይቃጠላል፣ ዓይንም ይጎዳል። ጥቁር መነጽርና ክሬም ያዙ።

ወደ ተራራ ስትሄዱ ከሁሉ በፊት የበረዶ ናዳውን ማስጠንቀቂያ ቫርሶም በሚባለው ድረ ገጽ፣ አየሩን ዪር በሚባለው ላይ እዩ። ከ30 ዲግሪ በላይ ዳገት ካለበት ራቁ፣ ከሥሩም አትቁሙ። በ1967 የፋሲካ በዓል 18 ሰው በተራራ ላይ ሞቶ ነው ዘጠኙ የተራራ ሕጎች በመላ አገሪቱ የተሰበኩት። ከነሱ አንዱ በጊዜ ተመለሱ፣ መመለስ አያሳፍርም ይላል። ይኼን ለቡድናችሁ ገና ከቤት ሳትወጡ ንገሩ። የኛ ሰው ይሉኝታ አለው፤ ደክሞኛል፣ በርዶኛል ለማለት ያፍራል፣ እስኪወድቅ ዝም ይላል። ስለዚህ አንድ ሰው መሪ ይሁንና እየዞረ ይጠይቅ።

ኪዳኔ_ስታቫንገር፦

እኔ ግን በሰመር ወደኛ ኑ እላለሁ። ፕሬይከስቱለን 604 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሰሌዳ የመሰለ ድንጋይ ነው፣ ከሥሩ ሊሰፊዮርድ የሚባለው በተራሮች መካከል የገባ ባሕር። ደርሶ መልስ 8 ኪሎ ሜትር፣ 4 ሰዓት ገደማ። ፎቶውን ያየ ጎረምሳ እምቢ አይልም። ትሮልቱንጋ የሚባለው ከገደሉ ወጣ ያለ ድንጋይም አለ።

የኦስሎው_እግረኛ፦

ኪዳኔ ወንድሜ፣ ለጎረምሶቹ ፕሬይከስቱለን እስማማለሁ፣ በሰመር፣ ማለዳ፣ ከአዋቂ ጋር። ትሮልቱንጋን ግን ለዚህ ቡድን አትጥራው። ከመነሻው ከሸጌዳል ደርሶ መልስ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ቀኑን ሙሉ የሚወስድ። ሕፃንና የታመመ ጉልበት ባለበት ቡድን ቦታ የሚመረጠው በደካማው ሰው እግር ነው። ጠንካራው ከዚያ ተነስቶ ርቆ ይሂድ፣ ማታ ሁሉም አንድ ገበታ ላይ ይገናኝ።

ለዚህ ነው በሰመር ፊንሴን የምመክረው። ማርታ፣ የበርገን ባቡር በናንተው በድራመን በኩል ያልፋል፤ ተሳፍራችሁ ፊንሴ ትወርዳላችሁ። መስመሩ በ1909 የተከፈተ ነው፣ ፊንሴ 1222 ሜትር ላይ ያለች የኖርዌይ ከፍተኛዋ ባቡር ጣቢያ ናት፣ የመኪና መንገድ አይደርስባትም። ሠራተኛ ያለው የዴኤንቴ ቤት ከጣቢያው ቅርብ ነው። እናትሽ በር ላይ ቁጭ ብላ ሃርዳንገርየከለን፣ ያንን ግዙፍ የበረዶ ግግር፣ ፊት ለፊት ታየዋለች። ወላጆችና ትንንሾቹ እዚያ ባለው ሐይቅ ዳር፣ ጎረምሶቹ በምልክቱ መንገድ ወደ ላይ። ኦገስት ይሁን፣ በጁላይ መጀመሪያም እዚያ በረዶ አይጠፋም።

ዳዊት_ትሮምሶ፦

ከሰሜን ሰላምታ። እኛ ጋ ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ፀሐይ አትወጣም፣ በሰመር ደግሞ ከሜይ 20 ገደማ እስከ ጁላይ 20 ገደማ አትጠልቅም። ብዙ ሰው በጨለማው ወቅት በር ዘግቶ ይተኛል። እኔ የምለው በተለይ ያኔ ነው በቡድን መውጣት ያለባችሁ። የግንባር መብራት፣ የሚያንጸባርቅ ቀበቶ፣ ቴርሞስ፣ ጥቂት ማገዶ፣ በቃ። ቀትር ላይ ሰማዩ ሐምራዊና ሰማያዊ ይሆናል፣ በዚያች ሰዓት ወጥቶ እሳት ዳር አብሮ የተቀመጠ ሰው መንፈሱ ይለወጣል። ብቻውን የሚኖር አዲስ መጤ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ጥሩት። እሱ ከኛ ይልቅ ያስፈልገዋል።

እሳትን በተመለከተ ግን፣ ከኤፕሪል 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ጫካ ውስጥም ጫካ አጠገብም እሳት ማንደድ ክልክል ነው። ከዚያ ውጭ ይቻላል፣ በጥንቃቄ።

ማርታ_ድራመን፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። እናቴ ጎኔ ሆና አነበብኩላት፣ ፊንሴን በጣም ወዳዋለች። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ዕቃው፣ ስኪውና ጫማው፣ ለሁሉ ልጅ ሲገዛ ብዙ ነው። ሁለተኛ፣ የነሱ ፋሲካ ብዙውን ጊዜ ሁዳዴ ውስጥ ነው የሚወድቀው፣ ምን እንበላለን? እና እናቴ ከፍታው ያፍነኛል ወይ ትላለች።

ሰላም_ትሮንድሄይም፦

እናታችን አይስጉ በይልኝ። አዲስ አበባ ከፊንሴ በእጥፍ ገደማ ከፍ ትላለች። የኖርዌይ ትልቁ ተራራ ጋልድሆፒገን ራሱ 2469 ሜትር ነው፣ እንጦጦ ይበልጠዋል። እዚህ አገር የሚያስቸግረው ከፍታው ሳይሆን ንፋሱና ዝናቡ ነው፣ ደረቅ ልብስ ካላቸው ምንም አይሆኑም።

ዕቃ አትግዙ። ቡአ የሚባለው የዕቃ ማዋሻ በየከተማው አለ። ስኪ፣ ድንኳን፣ ስሌድ፣ የጀርባ ቦርሳ በነጻ ይሰጣል፣ ተጠቅማችሁ ትመልሳላችሁ። ሳምንቱ የዕረፍት ሳምንት ከሆነ ቀድማችሁ ሂዱ፣ ቶሎ ያልቃል።

ለጾሙ ደግሞ የኛ ስንቅ ለዚህ ነገር የተሠራ ነው የሚመስለኝ። በሶ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ እሳት ባይኖርም በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል። ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ ተምር ኪስ ውስጥ ይያዛል። ጓንት አድርገሽ እየሄድሽ ቆሎ መቆርጠም ያስቸግራል እንጂ። ማታ ምድጃው ላይ ሽሮ ነው፤ ሽንኩርቱን ቤት ውስጥ አቁላልታችሁ በትንሽ ዕቃ ያዙ፣ በርበሬው ያለበት ሽሮ ዱቄት ጨምሩ፣ ሩብ ሰዓትም አይፈጅ። ሠራተኛ ያለው ቤት የምታድሩ ከሆነ ስትመዘገቡ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ።

የኦስሎው_እግረኛ፦

የመኸሩን ረስተናል። በኦገስት መጨረሻና ሴፕቴምበር ብሉቤሪ መልቀም ነው፣ ባልዲ ይዛችሁ። በ1957 በወጣው ሕግ መሠረት ማንም ሰው ባልታረሰ መሬት ላይ መሄድ፣ ማደርና የዱር ፍሬ መልቀም ይችላል። ድንኳን ከሰው ቤት 150 ሜትር ይራቅ፣ ከሁለት ሌሊት በላይ በአንድ ቦታ ከሆነ ባለመሬቱ ይጠየቅ። እንጉዳይ ከለቀማችሁ ወደ አፍ ከመሄዱ በፊት ለሚያውቅ ሰው ይታይ፤ በወቅቱ ሶግንስቫን ላይ በነጻ የሚያዩላችሁ ባለሙያዎች ይቀመጣሉ። ከሴፕቴምበር 25 ጀምሮ ኤልግ የሚባለው ትልቅ የአጋዘን ዓይነት አደን ስለሚገባ ጫካ ስትሄዱ ልጆቹን ደማቅ ቀለም አልብሱ።

ማርታ፣ ፊንሴን በስንት ሰው እንደምትሄዱ ስትቆርጡ እዚህ ጻፊ። አልጋ አያያዙን አብረን እናየዋለን፣ ከኦስሎም የሚቀላቀሏችሁ ሁለት ቤተሰቦች አሉኝ።