ሞተሩ ሳይቆም ጠረጴዛው ብቻ ቆም እንዲል ምን ልጠቀም?

ጠያቂ፦ ሰላም ናችሁ? ትንሽ ክብ ጠረጴዛ እየሠራሁ ነው። ሞተሩ ዝም ብሎ ይዞራል፤ ጠረጴዛው ግን ሩብ ዙር ሄዶ ቆም፣ ደግሞ ሩብ ዙር ሄዶ ቆም እንዲል ነው የምፈልገው። ያለ ኤሌክትሮኒክስ ይሆናል?

መልስ 1፦ በደንብ ይሆናል! የምትፈልገው ጄኔቫ የሚባለውን ዘዴ ነው፣ ጠረጴዛውን የሚያዞር ባለ አራት ስንጥቅ ጎማ ያለውን። ሞተሩ የሚያዞረው ዲስክ ላይ ያለችው ፒን ስንጥቁ ውስጥ ገብታ ጎማውን 90 ዲግሪ ታዞረውና ትወጣለች። ከሞተሩ አንድ ዙር 90 ዲግሪው እንቅስቃሴ፣ 270ው እረፍት ነው። የድሮ ሲኒማ ማሳያዎች በሰከንድ 24 ምስል እያስቆሙ ያሳልፉ የነበረው በዚሁ ነው።

መልስ 2፦ ራቼትም (ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር ባለ ጥርስ ጎማ) ይሠራል፣ ቀላልም ነው። ግን ጠረጴዛው ከበድ ካለ ተንደርድሮ ያልፋል። ጄኔቫውን እኮ በእረፍቱ ሰዓት ዲስኩ ላይ ያለው ክብ መቆለፊያ ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል።

ጠያቂ፦ ፈጠን ባደርገውስ?

መልስ 1፦ ጣጣው እዚያ ላይ ነው። ፒኗ ስትገባ አቅጣጫዋ ከስንጥቁ ጋር ልክ ካልገጠመ በየዙሩ ቋ፣ ቋ ይላል፣ ፒኗም ቶሎ ትበላለች። በትክክል ቢገጠምም ሲነሳና ሲቆም ይነቀንቃል። ባለ ስድስት ስንጥቁ ለስለስ ይላል፤ እርምጃው ግን 60 ዲግሪ ስለሆነ ማርሽ ካልጨመርክ ላንተ አይሆንም። ለፍጥነት ከሆነ በካም (እየዞረ በቅርጹ እንቅስቃሴውን በሚመራ አካል) የሚሠራውን ፈልግ።