ጸጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለችው ኦድሪ ሄፕበርን፦ በየትኛው ፊልሟ ልጀምር?

የጦሳ ስር ልጅ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ ጸጉሬን የምሠራበት ቤት ከመስታወቱ በላይ አንድ ትልቅ ፎቶ አለ። ጥቁር ቀሚስ፣ አንገቷ ላይ ብዙ ዙር ዕንቁ፣ ጸጉሯ ወደ ላይ ተጠቅልሎ የተያዘ። እዚያ ቤት መሄድ ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አንድም ቀን ማን ናት ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ እማዬን ይዣት ሄድኩ። ካስክ ውስጥ ተቀምጣ ቀና ስትል ፎቶውን አየችውና "ይቺ እኮ በድርቁ ጊዜ አገራችን የመጣችው ናት፣ ልጆች ታቅፍ የነበረችው" አለች። የት እንዳየቻት ባታስታውስም ፊቷን አልረሳችውም። ልጅቷ ጸጉሬን መተኮሱን ትታ ሁላችንም ወደ ፎቶው ዞርን።

ቤት ገብቼ ስሟን ፈልጌ አገኘሁት። ግን የሚወራው ሁሉ ስለ ቀሚሷና ስለ ቅጥነቷ ነው። እማዬ ያለችው እውነት ነው? ደግሞስ እንደ ተዋናይት ምን ያህል ነበረች? ከእማዬ ጋር ላያት ስለምፈልግ ብዙ ወሬ የማይበዛበት፣ እንግሊዝኛውን ባትሰማም የሚገባት ፊልም ጠቁሙኝ።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

እናትሽ ልክ ናቸው። 1980 ዓ.ም. ነው የመጣችው። በዩኒሴፍ ስም ያደረገችው የመጀመሪያ የመስክ ጉዞ ወደ እኛ አገር ነበር። የ77ቱ ቁስል ገና ሳይሽር የ79 ክረምት ዝናብ እንደገና ከድቶ ነበርና ሰሜኑ ሁሉ ጭንቅ ላይ ነበር። መቀሌ ውስጥ 500 ያህል ልጆች የሚኖሩበት የሙት ልጆች ማሳደጊያ ሄዳ አየች። ከዚያ ተመልሳ ያየችውን ለጋዜጠኞች እየዞረች ተናገረች። እናትሽ ያስታወሷት ልጅ አቅፋ የተነሳችው ፎቶ የዚያ ጉዞ ነው።

ከዚህ በታች ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው። በ1929 ብራስልስ ተወለደች። እናቷ የሆላንድ ባላባት ዘር ናት፣ አባቷ የእንግሊዝ ዜጋ። ገና 6 ዓመቷ ሳለ አባቷ ጥሎ ሄደ። የልጅነት ሕልሟ ፊልም ሳይሆን የባሌ ዳንስ ነበር። ለንደን ድረስ ሄዳ ተማረች፤ ግን ቁመቷ ረዘመ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተጎዳው ሰውነቷም ለዋና ዳንሰኛ አይበቃም ተባለች። እንጀራ ነውና ወደ መድረክ ጭፈራና ወደ ትንንሽ የፊልም ቦታዎች ገባች። በ1951 ፈረንሳዊቷ ደራሲ ኮሌት ሞንቴ ካርሎ ላይ አየቻትና በራሷ ድርሰት ላይ ለተሠራው ጂጂ ለተባለ ቲያትር መረጠቻት፣ ኒውዮርክ ገባች።

ከዚያ በ1953 ሮማን ሆሊዴይ መጣ። በዚህ ጀምሪ! አብሯት የሠራው ግሪጎሪ ፔክ ያኔ ትልቅ ስም ያለው ሰው ነበር፤ በውሉ መሠረት ከፊልሙ ርዕስ በላይ የሚጻፈው የእሱ ስም ብቻ ነው። ሥራዋን ሲያይ ግን የእሷም ስም ከስሜ እኩል ይጻፍ አለ። እንዲህ ያለ ሰው ደስ ይለኛል። እሷም ገና በ24 ዓመቷ ኦስካር ወሰደች። በዚያው ሰሞን በመድረክ ሥራዋ ቶኒ የሚባለውን የቲያትር ሽልማትም ጨመረች።

ታሪኩ ለእናትሽ ይገባቸዋል። ኑሮ የሰለቻት ልዕልት ከቤተ መንግሥት ጠፍታ አንድ ቀን ሮም ውስጥ እንደ ማንም ሰው ትውላለች፣ በቃ። ጸጉር ቤት ገብታ ረጅም ጸጉሯን የምትቆረጥበት ቦታ አለ። ጸጉር ቆራጩ እርግጠኛ ነሽ ወይ እያለ ይጠይቃታል፤ እሷ ከፍ አድርግ፣ ገና ከፍ አድርግ ትለዋለች። ዓይኗን እዪው።

ሐረጎ 27 (ደሴ)

እኔ ትንሽ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ጸጉር ቤቱ ውስጥ ያለው ፎቶ ከ1961ዱ ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ ነው፤ ቀሚሱ የዲዛይነሩ የዢቫንሺ ሥራ ነው። ሰው ሁሉ እዚያ ላይ ቆሞ ቀረ። ማይ ፌር ሌዲን ደግሞ ብዙ ሰው ያደንቃል፣ ግን አብዛኛው ዘፈን በእሷ ድምፅ አይደለም፣ ማርኒ ኒክሰን ናት የዘፈነችው። ኦድሪ ራሷ ዘፈኖቹን አጥንታ ተዘጋጅታ ነበር፣ ድምፅዋ በሌላ ሰው ሲተካ ከፍቷታል። ፊልሙ 8 ኦስካር ሲወስድ እሷ ለዕጩነት እንኳን አልቀረበችም።

ትወናዋን ማየት የፈለገ ዌይት አንቲል ዳርክን ይይ፣ የ1967 ነው። ዓይነ ስውር ሴት ሆና ነው የሠራችው፤ ለዚያ ብላ ዓይነ ስውራን የሚማሩበት ቦታ ሄዳ በትር ይዞ መራመድ፣ በጣት ዳስሶ ስልክ መደወል ተለማመደች። ቤቷ ውስጥ ክፉ ሰዎች ገብተው እሷ አምፖሎቹን እየሰበረች ጨለማውን ለራሷ ታደርገዋለች። እኔ ያየሁት ሌሊት ነበር፣ ልክ እዚያ ላይ ስደርስ መብራት ሄደ፣ ስልኬን እስካበራ ድረስ ልቤ ቆሞ ነበር። ለምርጥ ተዋናይት ኦስካር አምስት ጊዜ ነው ዕጩ የሆነችው፤ አምስተኛው በዚህ ፊልም ነው። ከዚያ በኋላ ልጆቿን ላሳድግ ብላ ከፊልም ራቀች፣ እስከ 1976 አልተመለሰችም።

ቴሌቪዥን ላይም ሠርታለች። ከሁሉም የምወደው ጋርደንስ ኦፍ ዘ ወርልድን ነው፤ በየአገሩ እየዞረች የአትክልት ቦታ የምታሳይበት ነው። ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ያገኘችበት እሱ ነው፣ ግን ሽልማቱ የመጣው ካረፈች በኋላ ነው።

ጡረተኛው መምህር (ደሴ)

ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልጨምር።

በ77 ወጣት መምህር ነበርኩ። ከሰሜን በእግሩ የመጣው ሰው መንገዱን ሞልቶት ነበር። እኛ ከትምህርት በኋላ መጠለያ እየሄድን ለልጆች ፋፋ እናድል ነበር። መጀመሪያ የተነገረን ነገር ትዝ ይለኛል፤ አዝናችሁ ብዙ እንዳትሰጡ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ቀስ እያላችሁ ነው። አንድ ልጅ ሲኒውን በሁለት እጁ ይዞ ጨምርልኝ እያለ ሲያየኝ አለመጨመር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ያየ ነው።

ስለዚህች ሴት ሳነብ የነካኝ ይኼ ነው። በፈረንጅ 1944 መጨረሻ፣ በብርዱ ወቅት፣ ጀርመኖች የሆላንድን የምግብ መንገድ ዘጉ። ወደ 20,000 ሰው በረሃብ አለቀ። እሷ ያኔ እዚያው ሆላንድ የምትኖር የ15 ዓመት ልጅ ነበረች። ሰው የቱሊፕ አበባ ሥር እየፈጨ ይበላ ነበር። ደሟ አነሰ፣ እግሯ አበጠ። ጦርነቱ ሲያልቅ ኡንራ የሚባለው የእርዳታ ድርጅት ምግብ ይዞ ደረሰ፤ ዩኒሴፍ ከእሱ በኋላ በ1946 የተቋቋመ ነው። እሷም ያገኘችውን አንድ ቆርቆሮ ጣፋጭ ወተት በአንዴ ጨርሳ ታመመች። ልክ እኛ መጠለያው ውስጥ እንፈራው የነበረው ነገር።

እንግዲህ መቀሌ መጥታ እነዚያን ልጆች ስታቅፍ የልጆቹ ሰውነት ለእሷ እንግዳ አልነበረም። ለእኔ ትልቁ ሥራዋ ይኼ ነው። ኋላ በ1992 መስከረም ላይ ሶማሊያ ሄደች። ከዚያ ስትመለስ ሆዷን አመማት፣ ካንሰር ሆነ። በጥር 1993 ስዊዘርላንድ ቤቷ ውስጥ በ63 ዓመቷ አረፈች።

እናትሽን ሰላም በይልኝ ልጄ። ፊት የሚያስታውስ ሰው ብዙ የለም።

የጦሳ ስር ልጅ (ደሴ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የጻፉትን ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። "ፋፋ" የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመችኝና ታላቅ እህቷ ሰኞ ገበያ አጠገብ እንዲሁ ታድል እንደነበር ነገረችኝ። እኔ ይህን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ አወራችኝ።

ማታ ሮማን ሆሊዴይን አየን። እማዬ ጸጉሩ ሲቆረጥ "ወይኔ ጸጉሯ!" ብላ አፏን ያዘች። መጨረሻው ላይ ልዕልቷ ከጋዜጠኞቹ ጋር አንድ በአንድ እየተጨባበጠች ቀኑን አብሯት የዋለው ሰውዬ (ግሪጎሪ ፔክ) ጋ ስትደርስ ምንም መናገር አትችልም አይደል፣ እማዬ አንድም ቃል ሳልተረጉምላት ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ካለቀ በኋላም ስክሪኑን ዝም ብላ ታየው ነበር።

እሁድ ጎረቤታችን ትመጣለች፣ እንደገና ክፈቺልን ብላኛለች። @ሐረጎ 27፣ ያልከውን የጨለማውን ፊልም በፍላሽ ታገኝልኛለህ? እሱን እኔ ብቻዬን ነው የማየው፣ እማዬ ትደነግጣለች።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

እኔ ጋ አለ። ሐሙስ ለሥራ ወደ ደሴ እወጣለሁ፣ ጸጉር ቤቱ ጋ ላስቀምጥልሽ። የዩኒሴፍ ጉዞዎቿን የሚያሳዩ አጫጭር ቪዲዮዎችም አብሬ እጭንልሻለሁ፣ የእኛ አገሩ እዚያ ውስጥ አለ። እሱን ለእናትሽ አሳዪያቸው።