ሙዚየሙ ጎብኚውን ይከታተል ወይስ ይጠይቅ?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክር ይሄ ነው። የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሞች ጎብኚው የት እንደቆመ፣ ምን እንዳነበበ፣ ምኑን ዘሎ እንዳለፈ ያጠናሉ። ድሮ በወረቀትና በሰዓት ነበር፣ አሁን በካሜራና ከስልካችን በሚወጣው የዋይፋይ ምልክት ጭምር ሆኗል። ሰው ሳያውቅ መከታተሉ ልክ ነው? ደግሞስ ሰው ብዙ የቆመበትን እያዩ አዳራሹን መቀየር ያዋጣል? ዓመት ስትጠቅሱ በፈረንጆቹ ይሁን። ስድብ የለም።

ቆጣሪው፦ ይጠና! ባለሙያው ጎብኚውን ካላየ የሚያዘጋጀው ለራሱና ለጓደኞቹ ነው። በ1916 ቤንጃሚን ጊልማን የሚባል የቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሰው ምን አደረገ መሰላችሁ? ለአንድ ሰው ጥያቄዎች ሰጠው፣ መልሱን ከማሳያ ሳጥኖቹ ፈልግ አለውና ሲፈልግ ፎቶ አነሳው። ሰውየው ጎንበስ ብሎ፣ አንገቱን ቀልሶ፣ መሬት ሊነካ ምንም ሳይቀረው ነው የሚታየው። ለካ ሳጥኖቹ የሰው ወገብ ታስቦ የተሠሩ አልነበሩም! ጊልማን ጽሑፉን «የሙዚየም ድካም» አለው፣ ስሙ እስከዛሬ ይሠራበታል። ያ ፎቶ ባይነሳ ኖሮ ሕዝቡ ለዕውቀት ደንታ የለውም ተብሎ ይታለፍ ነበር።

የጥንዚዛ ወዳጅ፦ ጊልማን እኮ ለሰውየው ነግሮት ነው ያነሳው። አንተ የምትከራከርለት ግን ሳይነገረን ነው። ለማንኛውም እኔን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ሰው የቆመበትን ብቻ እያየን አዳራሽ የምናደራጅ ከሆነ የቀረው ሁሉ ወጥቶ ዳይኖሰር፣ አንበሳና የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ብቻ ይቀራል። ስም ወጥቶላቸው የተመዘገቡት የጥንዚዛ ዝርያዎች ብቻ ወደ 400,000 ይጠጋሉ፣ አጥቢ እንስሳት በሙሉ ግን ከ7,000 አይበልጡም። በቆመ ሰው ቁጥር ከሄድን ጥንዚዛ አንድ መሳቢያ እንኳ አታገኝም። ታዲያ ያ የተፈጥሮ ታሪክ ነው ወይስ የአራዊት ፎቶ ቤት?

የሦስት ልጆች እናት፦ እኔ ከሁለታችሁም ጋር አይደለሁም። ልጆቼ የት እንደቆሙ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆሙ የሚመዘግብ የማላውቀው ሰው ከአምድ ጀርባ አለ ማለት ነው? እኔ ለራሴ ግድ የለኝም፣ ልጅ ሲሆን ግን ፈቃድ ይጠየቃል። አለቀ።

ቆጣሪው፦ እህቴ ስጋትሽ ይገባኛል፣ ግን ስምም ፎቶም አይመዘገብም። የአዳራሹ ካርታ ያለበት ወረቀት ነው፣ መስመር ይሰመራል፣ ደቂቃ ይጻፋል፣ ከዚያ ቀጣዩ ሰው። ኤድዋርድ ሮቢንሰን የሚባል የየል የሥነ ልቦና ሊቅ በ1928 ባሳተመው ጥናት ጎብኚዎችን ሳያውቁ ተከታትሎ የመዘገበው በዚህ ዓይነት መንገድ ነው። ለምን ሳያውቁ? ምክንያቱም እየታየ እንዳለ ያወቀ ሰው ድንገት ጎበዝ ተማሪ ይሆናል። ጽሑፉን ሁሉ ያነባል፣ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ እንደገባው ሰው ያስመስላል። እኔም አደርገዋለሁ።

የሦስት ልጆች እናት፦ መግቢያው ላይ «ዛሬ የጎብኚዎች ጥናት እየተካሄደ ነው፣ መካተት የማትፈልጉ ንገሩን» ብሎ መለጠፍ ምን ይጎዳል? ማን እንደሚታይ በስም አልተነገረም፣ ግን ተነግሮናል።

ቆጣሪው፦ ምንም አይጎዳም። ይህን የሚያደርጉ ሙዚየሞችም አሉ። በዚህ ተሸንፌያለሁ።

ዝም ብዬ አንባቢ፦ ኧረ ሰው ተሸነፍኩ ሲል በዚህ ቤት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

የቀድሞ አስጎብኚ፦ አንድ ነገር ላጫውታችሁ፣ ረዘም ይላል። የምሠራበት ሙዚየም (ስሙ ይቅር) እንዲህ ያለ ጥናት አስጠንቶ ነበር። ወጣቶች ሰዓት ይዘው ሁለት ሳምንት ዞሩ። ውጤቱ ሲመጣ ሁላችንም ደነገጥን፣ ሰው ረጅም ጊዜ የቆመው ዝሆኑ ጋ አይደለም፣ የዓሣ ነባሪው መንጋጋ ጋም አይደለም፣ አንዲት አቧራ የጠጣች፣ አንድ ዓይኗ የተንሸዋረረ ጉጉት ፊት ነው። አለቆቹ ተሰበሰቡ። አንዱ የጉጉትን ምስጢራዊነት ተነተነ፣ ሌላው የሌሊት አእዋፍ የሚል አዲስ ክፍል ይከፈት አለ። እኔ ብናገርም የሚሰማኝ አልነበረም እንጂ ነገሩ ቀላል ነበር። ጉጉቷ ያለችው ከሽንት ቤቱ በር ፊት ለፊት ነው! ባል ሚስቱን ይጠብቃል፣ እናት ልጇን ትጠብቃለች፣ ዓይን ደግሞ የሆነ ቦታ ማረፍ አለበት።

የጥንዚዛ ወዳጅ፦ በሳቅ ሞትኩ። ይኸው ነው እኮ የምለው! መቆም ማለት መውደድ አይደለም።

ቆጣሪው፦ ጋሼ፣ ያ የጥናት ችግር አይደለም፣ ያላዋቂ ጥናት ችግር ነው። ደህና ተመራማሪ ቆጥሮ አያበቃም፣ ሲወጡ አስቁሞ ይጠይቃል። አንዱን ጉጉት ጠባቂ «ምን እያዩ ነበር?» ቢሉት ኖሮ በአምስት ሰከንድ ያልቅ ነበር። ቢቨርሊ ሰሬል የምትባል አሜሪካዊት ከ100 በላይ ትርዒቶች ላይ የተሠሩ የክትትል ጥናቶችን አሰባስባ በ1998 አሳትማለች። አብዛኛው ሰው በአንድ ትርዒት የሚቆየው ከ20 ደቂቃ በታች ነው። ይሄን እያወቅክ የሁለት ሰዓት ንባብ ግድግዳ ላይ ትለጥፋለህ?

ዝም ብዬ አንባቢ፦ ሰው ሲገባ ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው የሚባለውስ እውነት ነው?

ቆጣሪው፦ አርተር ሜልተን በ1935 ባሳተመው ጥናት ከአራቱ ሦስቱ ወደ ቀኝ ዞረው አግኝቷል። ስቲቨን ቢትጉድ ግን ኋላ ላይ የተሠሩትን ጥናቶች አገላብጦ ነገሩ ሁሌ አይሠራም ብሏል፣ ሰው በዋናነት የሚፈልገው እርምጃ መቆጠብ ነው። በቀኝ ግድግዳ በኩል እየሄደ ከነበረ በዚያው ይቀጥላል፣ ያን ያህል ነው።

የጥንዚዛ ወዳጅ፦ እሺ የለንደኑን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ምን ትላላችሁ? ዲፒ የተባለው የዳይኖሰር አጽም ለሕዝብ የታየው በ1905 ነው፣ ያውም ቅጂ ነው፣ እውነተኛ አጥንት አይደለም። በዋናው አዳራሽ ለዓመታት ቆሞ ሕዝቡ እንደ ቤተሰቡ ወደደው። ሙዚየሙ ሊያነሳው ነው ሲባል ጩኸቱ አይጣል ነበር። የጎብኚ ፍላጎት ሕግ ቢሆን ኖሮ ዛሬም እዚያው ይሆን ነበር። ባለሙያዎቹ ግን በ2017 አንስተው ከ25 ሜትር በላይ የሆነ የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ እውነተኛ አጽም ሰቀሉ፣ ምክንያቱም ዝርያው በአደን ሊጠፋ ተቃርቦ የተረፈ ነውና ስለ ዛሬው ተፈጥሮ የሚናገር ነገር መሀል ላይ ይሁን ብለው ነው። ዛሬ ሰው አንገቱን አቅንቶ እሱን ነው የሚያየው። ጎብኚ ገና ያላየውን ነገር ሊመርጥ አይችልም።

ቆጣሪው፦ ይሄኛው ከበድ ያለ ነው። ግን ምን ይታይ የሚለውን ባለሙያው ይወስን፣ እንዴት ይታይ የሚለውን ከጎብኚው እንማር። ጥንዚዛህ ትቆይ፣ ከፍታዋ ግን ይስተካከል፣ ጽሑፏም ይጠር።

የሦስት ልጆች እናት፦ የዋይፋዩን ነገር ረስታችሁታል። ባለወረቀቱን ልጅ አየዋለሁ፣ ስልኬን ግን ማን እያነበበው እንደሆነ አላውቅም። የአውሮፓ ኅብረት ከ2018 ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ ስልክ በዋይፋይ የሚልከውን መለያ ቁጥር እንደ ግል መረጃ ሊቆጥረው ይችላል፣ ዝም ብሎ የሚሰበሰብ አይደለም።

ቆጣሪው፦ ዋይፋዩን እኔም አልወደውም፣ በሌላ ምክንያት። አዳዲስ ስልኮች መለያቸውን እየቀያየሩ ስለሚያሳዩ አንድ ሰው ሦስት ሆኖ ይቆጠራል። ስልክ የሌለው ሕፃን ደግሞ ጭራሽ የለም፣ ከዳይኖሰሩ ሥር አፉን ከፍቶ የሚውለው ግን እሱ ነው።

አወያይ፦ በዋይፋዩ ተስማማችሁ ማለት ነው። የባለሙያና የጎብኚ ድርሻ ላይ ገና ነን፣ ነገ ይቀጥላል።

ዝም ብዬ አንባቢ፦ ቆይ፣ ጉጉቷ ምን ሆነች?

የቀድሞ አስጎብኚ፦ ወደ ዋናው አዳራሽ ወሰዷት፣ መብራት በራላት። ዞር ብሎ ያያት የለም። በቦታዋ ቀበሮ አስገቡ፣ አሁን እሱ ነው ተወዳጁ።

የሦስት ልጆች እናት፦ እዚያ ለሚጠብቀው ሰው መቀመጫ አደረጉ?

የቀድሞ አስጎብኚ፦ አላደረጉም።