ክርክር፦ የሳንባ በሽተኛ አንቲባዮቲክ ቤቱ ያስቀምጥ?

የቋሪት ልጅ፦
ነገሩን ላስረዳችሁና ፍረዱኝ። እናቴ ሲኦፒዲ አለባት፤ የአየር ቧንቧን እያጠበበ የሚሄድ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ነው። ሲጋራ በእጇ ነክታ አታውቅም። መስኮት በሌለው ማድ ቤት እንጀራ ስትጋግር፣ አረቄ ስታወጣ ነው ሳንባዋ ያለቀው። በዓመት ሁለት ሦስቴ ይነሣባታል። ባለፈው ሰሞን ሌሊት አክታዋ አረንጓዴ ሆነ፣ በዛ፣ ትንፋሿም አጠረ። በማለዳ ከተማ ወረድኩ። መድኃኒት ቤቱ «ያለ ማዘዣ አልሸጥም» አለኝ። ጤና ጣቢያው ደግሞ «በሽተኛዋን ሳናይ አናዝም»። ተመልሼ በቃሬዛ አሸክሜ እስካመጣት ቀኑ አለቀ። በሽታው በሐኪም የታወቀለት ሰው አንድ ዙር አንቲባዮቲክ ቤቱ ቢያስቀምጥ ምን ይጎዳል?

ፋርማሲስቱ ከፍኖተ ሰላም፦
ወንድሜ፣ እናትህን ይማርልህ። ግን ባለሙያው ልክ ነው። አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ መሸጥ ክልክል ነው። በእኔ መስኮት የማየውን ልንገርህ። በገበያ ቀን ሰው ባዶ የመድኃኒት ማሸጊያ ይዞ ይመጣል፤ «እችን ስጠኝ»። ሌላው «ሁለት ፍሬ ብቻ» ይላል። ለጉንፋን ነው፣ ለወገብ ነው። ባክቴሪያው መድኃኒቱን ሲለምደው እናትህን በእውነት ሲያስፈልጋት አይሠራላትም።

ጋሽ ዳሞት፦
ሕግ ሕግ አትበሉን እንጂ! ጎረቤቴ ንፍጥ በያዘው ቁጥር ሦስት ፍሬ አዚትሮማይሲን ገዝቶ ይውጣል። ማን ከለከለው? ሕጉ የያዘው ይህን ልጅ ብቻ ነው።

ነርሷ ከቡሬ፦
ቆይ፣ አንድ ነገር ዘላችኋል። በተነሣባት ቁጥር ሁሉ ባክቴሪያ ነው ወይ? አይደለም። ባክቴሪያ የሚገኘው ግማሽ ያህሉ ላይ ነው። ቫይረስም ያስነሣዋል፣ ጭስም ብቻውን ያስነሣዋል።

ባክቴሪያዎቹ የታወቁ ናቸው፤ ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ፣ ኒሞኮከስ፣ ሞራክሴላ። የመጀመሪያው ስሙ እንዳያሳስታችሁ፣ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ አይደለም። ሳንባው ክፉኛ የተጎዳ ሰው ላይ ደግሞ ሱዶሞናስ የሚባል ይገባል፤ እሱን አሞክሳሲሊን አይነካውም።

እ.ኤ.አ. በ1987 ካናዳ ውስጥ የተሠራ ጥናት ዛሬም ሚዛን ነው። የሚታዩት ሦስት ምልክቶች ናቸው፦ ትንፋሽ ከወትሮው ማጠሩ፣ አክታ መብዛቱ፣ አክታው መግል መምሰሉ። ሦስቱም ከተገናኙ አንቲባዮቲክ ይጠቅማል። ሁለት ሆነው አንዱ የአክታው መልክ ከሆነም ይሰጣል። ትንፋሽ ብቻ ካጠረ ግን ፓፉን፣ ማለት በአፍ የሚሳበውን የአየር ቧንቧ መክፈቻ መድኃኒት፣ መሳብ ነው እንጂ ኪኒን መዋጥ አይደለም። ሲሰጥም አብዛኛውን ጊዜ 5 ቀን ይበቃል።

የቋሪት ልጅ የነገረን ሦስቱንም ነው። ሐሳቡም አዲስ አይደለም። እንግሊዝ አገር ለተመረጡ በሽተኞች አንድ ዙር አንቲባዮቲክና ፕሬድኒሶሎን (የሳንባን ብግነት የሚያበርድ ኪኒን) ቤታቸው እንዲያስቀምጡ ይሰጣል። መቼ እንደሚጀምሩ ተምረው፣ ሲጀምሩ ለማን እንደሚናገሩ በወረቀት ተጽፎላቸው።

ባህር ዳር ነኝ፦
እንግሊዝና ቋሪት አንድ ሆኑ እንዴ? እዚያ ስልክ ደውሎ ሐኪም ያገኛል። እዚህ በስፓይሮሜትሪ፣ የሳንባን አቅም በሚለካው መሣሪያ፣ ተነፍቶ ሲኦፒዲ መሆኑ የተረጋገጠለት ስንት ሰው አለ? አጎቴን «ብሮንካይት ነው» እያሉ ዓመት ሙሉ አንቲባዮቲክ ሲያስውጡት ከረሙ። ቲቢ ነበር! እንደ ሌቮፍሎክሳሲን ያሉት አንቲባዮቲኮች ቲቢን ለጊዜው ያስታግሱና ምርመራውን ያዘገያሉ። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው አክታ ይመርመር እንጂ ሳጥን ተከፍቶ ኪኒን አይፈለግም። የልብ ድካምም ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ያንን በምን ይለያል?

የቋሪት ልጅ፦
የእናቴ አክታ ሁለቴ ተመርምሯል፣ ቲቢ የለባትም። ባህር ዳር ድረስ ወስጃትም ነፍታለች። ለሁሉም ይሸጥ አላልኩም እኮ። መንገድ በተዘጋ ቀን ምን ላድርግ ነው የምለው።

ጋሽ ዳሞት፦
ዳማከሴ ትሽተት ይሉሃል አሁን።

ፋርማሲስቱ ከፍኖተ ሰላም፦
ጋሼ፣ ቀልዱ ይቆየን። እሺ፣ ልለሳለስ። የሚያውቃት ጤና ጣቢያ ራሱ ቢሰጣት፣ ካርዷ ላይ ቢመዘገብ፣ ስትጨርስ ለምን እንደተጠቀመችው ሳይጠየቅ ሌላ ባይሰጣት አልከራከርም። በመስኮት ሽያጭ ግን አይሆንም። የምፈራው እናትህን አይደለም፤ ጎረቤቱን ነው። «እማማ፣ ልጄን አሳለው፣ ከዚያ መድኃኒት ሁለት ፍሬ» ቢሏት እምቢ ትላለች?

የቋሪት ልጅ፦
እውነቱን ልናገር፣ አትልም። ሳጥን ቆልፌ ቁልፉን እይዛለሁ።

ነርሷ ከቡሬ፦
አንተ ከተማ ባደርክ ሌሊት ቢነሣባትስ? ቁልፉ አብሯት ለሚያድር ሰው ይሰጥ። ደግሞ ይህን ያዝ፦ ከንፈሯ ከጠቆረ፣ ከቀባዠረች፣ ወይም ቁና ቁና ከተነፈሰች ኪኒኑ እስኪሠራ አትጠብቅ። ቃሬዛ አውጣ።

ባህር ዳር ነኝ፦
በዚህ መልኩ ከሆነ ግማሽ መንገድ መጥቻለሁ። ግን ማነው ጤና ጣቢያ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይህን የሚያስተምራት? የራሱ የጤና ጣቢያው መድኃኒትስ መች አለና? በጤና መድህን ሄደን «አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» እየተባልን።

ነርሷ ከቡሬ፦
እሱ ላይ መልስ የለኝም። ብዙ ጊዜ ያልቃል።

ጋሽ ዳሞት፦
ቆይ አንተ የቋሪት ልጅ፣ ይህ ሁሉ ክርክር ለኪኒን ነው። ማድ ቤቱ ላይ መስኮት አወጣህለት?

የቋሪት ልጅ፦
አልወጣም። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃም ገዝቼላት ጥግ ላይ ተቀምጧል። ጭስ ከሌለ ጣራውን ምስጥ ይበላዋል ትለኛለች።