ጥቆማ፦ ለአዲስ አበባ ዳርቻ ግቢ ሸውሸዌ ከየት ይገዛ?

ጥያቄ (ሰንዳፋ)፦ ግቢው 500 ካሬ ነው፤ አፈሩ ዋልካ፣ ነፋሱም አያሳርፍም። በአጥሩ ሥር ሸውሸዌ ለመደርደር ታስቧል። ከመንግሥት ችግኝ ጣቢያ፣ ከመንገድ ዳር ሻጭ ወይስ አምጥቶ ከሚተክል አትክልተኛ ይሻላል? አራውካሪያ የሚባለው የጌጥ ዛፍስ ይሆናል?

መልስ (ለገጣፎ)፦ ከየት ከማለትዎ በፊት የትኛው ሸውሸዌ ይበሉ። በዚህ ስም ከሚጠሩት ሁለቱን ይለዩ። አንዱ የባሕር ዳሩ (ከተማዋን ማለቴ አይደለም) ካዝዋሪና ኢኩሴቲፎሊያ ነው። ጨውና አሸዋ አይበግረውም፤ ግን የቆላ ዛፍ ነው፣ ከ1,500 ሜትር በታች ነው የሚመቸው። እናንተ ከ2,300 ሜትር በላይ ናችሁ። የሚሆናችሁ ሁለተኛው፣ ካዝዋሪና ካኒንግሃሚያና ነው፤ በምሥራቅ አውስትራሊያ ወንዝ ዳር የሚበቅለው፣ ብርድ የለመደው። ሻጩ ስሙን ላያውቅ ስለሚችል እናት ዛፉን ወይም ፍሬውን አሳየኝ ይበሉት። ፍሬው 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከሆነና ቅርንጫፉ እንደ ክር ከቀጠነ የወንዙ ነው፤ ፍሬው ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ከተጠጋ የባሕሩ ነው።

ከሦስቱ ሻጮች የእኔ ምርጫ ችግኝ ጣቢያው ነው። ችግኙ ትንሽ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ክረምት ሲገባ ካልሆነ አይገኝም፤ ግን ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ችግኝ ሥሩ ገና ስላልተጠመጠመ ቶሎ ይይዛል። መንገድ ዳር በቆርቆሮ የቆመው የሰው ቁመት ያለው ዓይን ይስባል እንጂ ሥሩ ተጠቅልሎ የከረመ ነው። ከመክፈልዎ በፊት ከዕቃው ያስወጡት። ዙሪያውን የዞረው ሥር እንደ ክር ከሆነ በምላጭ ሦስት ቦታ ከላይ ወደ ታች ሰንጥቀው ይትከሉት፤ እንደ እርሳስ ከወፈረ ይተዉት። እንዲህ ያለው ሁለት ሦስት ዓመት ያምርና በነፋስ ይገነደሳል።

መልስ (ሰበታ)፦ አትክልተኛ መቅጠር የሚያዋጣው አፈሩን ለሚያስተካክል ብቻ ነው። ዋልካ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ለስላሳ አፈር የሚሞላ ካዩ ያስቁሙት፤ ሐምሌ ላይ ጉድጓዱ ገንዳ ሆኖ ሥሩ ይታፈናል። መሬቱን በዶማ ጫር ጫር አድርጎ፣ በላዩ ስፋቱ 1 ሜትር፣ ቁመቱ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉብታ ይሥራ፦ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ፍግ፣ አንድ እጅ ቀይ አሽ። ችግኙ ጉብታው አናት ላይ ይተከላል፤ ላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፣ «ታቹን ቀደድኩት» አይበቃም። ግቢው በገረጋንቲ ተሞልቶ ከሆነ ገረጋንቲው እስከሚያልቅ ይቆፈር። ውሉ ላይ «እስከ ሚያዝያ የደረቀ ይተካል» የሚል ይግባ። ያን ካልፈረመ ተከላውን ራስዎ ይሥሩት።

ዩሪያ አይጨምሩ። ሸውሸዌ ሥሩ ላይ ፍራንኪያ የሚባል ባክቴሪያ እባጭ ሠርቶ ናይትሮጅን ከአየር ይስብለታል። ይልቅ ከአሮጌ ሸውሸዌ ሥር ሁለት እፍኝ አፈር አምጥተው ጉብታው ውስጥ ይቀላቅሉ፤ ባክቴሪያው አብሮ ይመጣል፣ ዋጋውም ምስጋና ነው።

መልስ (ሱሉልታ)፦ ተከላው ሐምሌ መጀመሪያ፣ ርቀቱ ለነፋስ መከላከያ 2 ሜትር። ዝናቡ ካቆመ ከጥቅምት ጀምሮ በሳምንት 20 ሊትር፣ አንድ ጄሪካን ለአንድ ችግኝ፤ ከሥሩ ገለባ ይጎዝጎዝ፣ ግንዱን ግን አይንካው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ውርጭ ጫፉን ያቃጥላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ማታ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት በእንጨት ላይ አልብሰው ጠዋት ያንሡ። በግ ካለ ዙሪያው በእሾህ ይታጠር።

አራውካሪያ (የኖርፎክ ደሴቱ) መልኩ ድንቅ ነው፣ የባሕር ነፋስም ይችላል፤ ውርጭ ላይ ግን ልጅነቱ ደካማ ነው። ለሰንዳፋ በረንዳ ላይ በዕቃ እንጂ ለአጥር አልመክርም። ከጎን ቅርንጫፍ ተቆርጦ የተባዛውን አይግዙ፤ ዕድሜውን ሙሉ ወደ ጎን ይሄዳል እንጂ ቀጥ ብሎ አይወጣም። አንድ ዕቃ ውስጥ ሦስት አራት ችግኝ ታጭቆ «ሞላ ያለ» ተብሎ የሚሸጠውንም ይጠንቀቁ።

ጥያቄ (ሰንዳፋ)፦ እናመሰግናለን። ቁመቱን በ3 ሜትር መያዝ ይቻላል? ሴፕቲክ ታንኩስ አጥሩ ጥግ ነው።

መልስ (ለገጣፎ)፦ ይቻላል፤ ካልተነካ ግን ከ20 ሜትር ያልፋል። 3 ሜትር ሲደርስ አናቱን ይቁረጡ፣ ከዚያ በዓመት ሁለቴ ጎኑን ይከርክሙ። መቀሱ አረንጓዴው ላይ ይቅር፤ ቅጠል የሌለው አሮጌ እንጨት ላይ ከወረደ መልሶ ላያቆጠቁጥ ይችላል። ከታንኩ 10 ሜትር ይራቁ፣ ሥሩ እርጥበት ይከተላል። ያንን ጥግ ጌሾ ይትከሉበት።