ዲቪ ደርሶህ ለመጣኸው መካኒካል ኢንጂነር

ሰላም ለሁላችሁ። «ከአገር ቤት በመካኒካል ተመርቄ ዲቪ ደርሶኝ መጣሁ፣ አሁን ፓርኪንግ ነው የምሠራው፣ ዲግሪዬ እዚህ ይሠራል ወይ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ ነው የምጽፈው። እኔም ከአምስት ኪሎ ተመርቄ መጥቼ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሁለት ዓመት ፓርኪንግ ሠርቻለሁ። ዲግሪህ ይሠራል። መግቢያው የቁሳቁስ ጥንካሬ የሚፈተሽበት ላብራቶሪ ነው።

ከኮንክሪት ጀምር። የአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት የሚሰጠው የፊልድ ቴክኒሺያን ግሬድ ዋን ሰርተፍኬት አለ። የጽሑፍም የተግባርም ፈተና አለው፣ 5 ዓመት ያገለግላል። ስላምፕ በሚባለው፣ እርጥቡ ኮንክሪት ምን ያህል እንደሚሰምጥ በሚለካበት ፈተና ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለውን ሾጣጣ ቆርቆሮ በሦስት ዙር ትሞላለህ፣ እያንዳንዱን ዙር በብረት ዘንግ 25 ጊዜ ትወጋለህ። ከዚያ ሾጣጣውን በ5 ሰከንድ ገደማ ቀጥ አድርገህ ታነሳለህ። እጅህ እንዳይጠማዘዝ። እኔን መጀመሪያ የጣለችኝ እሷ ናት። ሥራውን ስትይዝ የሞላኸው ሲሊንደር (የኮንክሪት ናሙና) በ7 እና በ28 ቀኑ ማሽን ላይ ሲሰበር ታያለህ። ክፍል ውስጥ በጠመኔ የተሣለልን ግራፍ እዚያ ድምፅ አለው፣ ያን ቀን ሙያዬ እንደተመለሰልኝ ነው የተሰማኝ።

ብዙዎቻችን የማናውቀው አንድ ነገር ልንገርህ። የሮኬትና የመከላከያ ዕቃ የሚሠሩ ድርጅቶች አይታር በሚባለው የኤክስፖርት ሕግ ምክንያት በተማሪ ቪዛ ያለን ሰው ብዙ ጊዜ አይቀጥሩም። ግሪን ካርድ ያለው ግን በዚህ ሕግ «ዩኤስ ፐርሰን» ነው። ጥገኝነት ያገኘም እንደዚያው። ክሊራንስ፣ ማለትም የመንግሥት ምስጢር የማየት ፈቃድ፣ የሚጠይቅ ቦታ ዜግነት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ማስታወቂያው የትኛውን እንደሚል ለይተህ አንብብ።

ምርምር ከፈለግክ ለፒኤችዲ ማስተርስ የግድ አይደለም፣ በባችለር የሚቀበሉ ብዙ ናቸው። ሪሰርች አሲስታንት (የምርምር ረዳት) ከሆንክ የትምህርት ክፍያው ይሸፈንልሃል፣ ወርሃዊ ገንዘብም አለው። ልጆች ካሉህ ግን ይጠባል፣ አልዋሽህም። ብዙው ማመልከቻ ዲሴምበር ላይ ስለሚዘጋ ትራንስክሪፕትህን ከአሁኑ አስወጣ፣ ሬጅስትራር ጋ የሚመላለስልህ ሰው ፈልግ።

ደግሞ ያለንበት የዲሲ አካባቢ ለዚህ ሙያ የታደለ ነው። ጌይተርስበርግ ኒስት የሚባለው የአገሪቱ የደረጃዎችና የመለኪያ ተቋም አለ። ባልቲሞር ላይ ጆንስ ሆፕኪንስ ቁስ በከባድ ምት ሲመታ ምን እንደሚሆን የሚያጠና ኢንስቲትዩት አለው። ማክሊን ደግሞ የፌደራል አውራ ጎዳናዎች የምርምር ማዕከል አለ፣ ድልድይና አስፋልት የሚፈተሽበት።

ለፕሮፌሰር ስትጽፍ አንዱን ኢሜይል ለሃምሳ ሰው አትበትን። አንድ ጽሑፉን በደንብ አንብብ። እኔ የላክሁት አራት መስመር ነው፤ «ግራፉ ላይ ስንጥቁ ከዚህ ቦታ በኋላ ለምን ፈጠነ?» ብዬ ጠየቅሁ። በማግስቱ መለሰልኝ።

ማታ ማታ ፓርኪንጉ ጭር ሲል ላፕቶፕህን ክፈት። አባኩስ የሚባለው፣ ዕቃ ጭነት ሲያርፍበት ምን እንደሚሆን የሚያሰላ ፕሮግራም እስከ 1000 ኖድ (የስሌት ነጥብ) የሚፈቅድ ነፃ የመማሪያ ቅጂ አለው። መሃሉ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ሰፊ ዝርግ ብረት ሥራና ጎትተው። ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ስትረሱ (ውስጣዊ ጫናው) ከቀዳዳው ርቆ ካለው 3 እጥፍ ገደማ ካልመጣልህ ሜሽህን፣ ማለትም ብረቱን የከፋፈልክበትን መረብ፣ አስተካክል። ያንን ውጤት ከሪዙሜህ ጋር ላክልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ የለኝም፣ ቁጭ ብለን እናየዋለን።