ኮኩ ከልክ በላይ ይዟል፣ እንጭጩን መቼ ላንሳለት?

ጓሮዬ (ማራኪ)
ሰላም እንዴት ናችሁ ያገሬ ልጆች፣ ጎንደር ማራኪ ነው ያለሁት። ጓሯችን ያለው ኮክ ዘንድሮ ጉድ ነው የያዘው፣ ፍሬው ተደራርቦ ቅርንጫፉ ከአሁኑ መጉበጥ ጀምሯል። ካቻምናም እንዲሁ ይዞ ይዞ መጨረሻ ላይ አንዱ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ወደቀ፣ የተረፈውም ትንንሽ ነበር፣ ሥጋ የለው ዘር ብቻ። አምና ደግሞ ይህ ነው የሚባል ነገር አልያዘም። አሁን እንጭጩን ቀንስለት ተባልኩ፣ መቼ እንደሆነ ግን የሚነግረኝ አጣሁ። አንዱ ፍሬ ሽምብራ ያክላል፣ አንዱ ያውራ ጣት ጥፍር ያክላል፣ አበባም አለ ገና። እማዬ ደግሞ እግዜር የሰጠውን በእንጭጩ መቅጠፍ ግፍ ነው ብላ እጄን ይዛኛለች፣ በቂ ምክንያት ካላመጣሁ አታስነካኝም። ሌላው ደግሞ አምና የተከልኩት ግራፍትድ (በሌላ ሥር ላይ የተቀጠለ) አፕል ትንሽ ፍሬ ይዟል፣ እሱንስ ልተወው?

የአዘዞ ገበሬ
ወንድምዓለም ወር አትቁጠር፣ ፍሬውን እይ። እኛ አገር ፈረንጆቹ ጋ እንዳለው ጠንካራ ብርድ ስለሌለ ኮክም አፕልም ባንዴ አያብብም፣ ለዛ ነው አንድ ቅርንጫፍ ላይ አበባም ሽምብራም ያየኸው፣ ስለዚህ ባንድ ቀን ጨርሰህ የምትገላገለው ሥራ አይደለም፣ እየተመላለስክ ነው የምታነሳው።

መጀመሪያ ዛፉ ራሱ የሚጥለውን ይጣል። ሽምብራ የሚያክለውን አትንካ፣ ከሱ ውስጥ ብዙው ሳትነካው ይረግፋል። ከዛ የቀረው ያውራ ጣት ጥፍር ሲያክል፣ ማለትም 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ጊዜው ነው። የመጨረሻው ቀን መቼ ነው ካልክ ዘሩ ሳይጠነክር ነው። አንድ ፍሬ ቅጠፍና መሃሉን በቢላ ቁረጠው፣ ቢላው ዘሩን ሰንጥቆ በቀላሉ ካለፈ ጊዜ አለህ፣ ዘሩ እንጨት ሆኖ ቢላውን ካቆመው ዘግይተሃል፣ ያኔ ብታነሳ ቅርንጫፉን ከመሰበር ታድነዋለህ እንጂ ፍሬው ብዙም አይወፍርልህም።

በፍሬና በፍሬ መሃል ከስንዝር ትንሽ ያነሰ ተውለት፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲም ማለት ነው። ሲነሳ ያሳዝናል፣ መሬቱ እንጭጭ በእንጭጭ ይሆናል፣ ግን አትሳሳ። መንታ ሆነው የተጣበቁትን፣ ትል የነካውን፣ የቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ያሉትን አስቀድም። ደሞ አትጎትት፣ ባንድ እጅህ ቅርንጫፉን ይዘህ በሌላው ፍሬውን ጠምዘዝ አድርገው።

እርሻ የተማርኩ
አዘዞ ያለው ልክ ነው፣ እኔ ለእናትህ የምትነግራትን ምክንያት ልጨምር። ኮክ የሚያፈራው አምና ባደገው ቀንበጥ ላይ ነው። ዘንድሮ አቅሙን ሁሉ ለፍሬ ከሰጠ አዲስ ቀንበጥ ማሳደግ ያቅተዋል፣ ለቀጣይ ዓመት የሚያፈራበት ነገር የለውም ማለት ነው። ያንተም ካቻምና ተጨንቆ አምና ያረፈው በዚህ ሊሆን ይችላል።

አፕል ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። የከርሞው አበባ እምቡጥ የሚጀመረው የዘንድሮው ፍሬ ገና ትንሽ እያለ ነው፣ ፍሬው ውስጥ ያለው ዘር ደግሞ እምቡጥ እንዳይፈጠር የሚከለክል ሆርሞን ያመነጫል፣ ፍሬ ከበዛ አንድ ዓመት ሰጥቶ አንድ ዓመት ይነሳሃል። ስለዚህ አፕል ላይ መቸኮል ይሻላል። ካንድ እቅፍ አንዱን ትልቁን ብቻ ተው፣ ለአንድ ፍሬ ከ30 እስከ 40 ቅጠል ያስፈልጋል።

ያንተው አምና የተተከለው ግን ገና ሕፃን ነው፣ ያለውን በሙሉ አንሳለት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመት ሥርና ቅርንጫፍ ይሥራ። ጎረቤት ከጨንቻ ያስመጣሁት አፕል ነው እያለ ቢያጓጓህም አትስማው።

እታለም (ቀበሌ 16)
እኔ ትንሽ አልስማማም። 20 ሳንቲም ምናምን ለሚረጭና መረብ ለሚያለብስ ሰው ነው፣ እዚህ ክረምት ሲገባ በረዶ አለ፣ ወፍ አለ፣ የሰፈር ልጅ አለ። መጀመሪያ ግማሹን አንሳ፣ ትንሽ ቆይተህ ቢላው ዘሩን ሳያቆም ድጋሚ እይና የተጎዳውን ጨምረህ ቀንስ። የጎበጠውን ቅርንጫፍ ደግሞ ዛሬውኑ ባላ አስደግፈው፣ ባላው የሚነካበት ቦታ ላይ ጨርቅ ጠቅልልበት ልጡን እንዳይልጠው። አቮካዶ ላላችሁ ደግሞ እሱን አትድከሙ፣ ራሱ ነው የሚያራግፈው፣ ካበበው ውስጥ የሚቀረው እጅግ ጥቂት ነው።

ጓሮዬ (ማራኪ)
እግዜር ይስጥልኝ። ለእማዬ የቀንበጡን ነገር ሳስረዳት እንግዲያ እንደ ጎመን ማሳሳት በለኛ አለችኝ፣ ፈቅዳለች፣ ራሷም ገብታ እየመረጠች ነው። እታለም ያለችውን ሁለት ዙር አደርጋለሁ። የተቀጠፈው ግን ብዙ ነው፣ ለበጎቹ ልስጠው?

እርሻ የተማርኩ
ኧረ በፍጹም! የኮክ ዘሩም ቅጠሉም ሲያናይድ የሚያወጣ ነገር አለው፣ የጠወለገ ቅጠል ደግሞ ይብስ አደገኛ ነው፣ በግ ይገድላል። በጎቹን ከዛፉ አርቃቸው። ትል የሌለበትን እንጭጭ ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ ጨምረው፣ ትል ያለበትን ግን ዛፉ ሥር አትተው፣ በላስቲክ አስረህ ፀሐይ ላይ አቆየው ወይ ጠለቅ አድርገህ ቅበረው፣ ከትሉ የሚወጣው የፍሬ ዝንብ ተመልሶ ለቀረው ፍሬ እንዳይተርፍ።